አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት በከንቱ አይደለም። ሰው የበደለውን ለመጠየቅ ድፍረት ባጣ ጊዜ አፍ የሌለውን ዕቃ ይደበድባል። ዳውላው አይጮኽም፤ አይራገጥም፤ ዱላውን ዝም ብሎ ይቀበላል። ደብዳቢውም ትልቅ ሥራ የሠራ መስሎት ላቡን ይጠርጋል። እኔ ዛሬ ልከራከርለት የተነሣሁት ዳውላ ኢንተርኔት የሚባለው መስመር ነው። አህያው ማን እንደ ሆነ ወደ በኋላ እንደርስበታለን።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የዚህ መስመር ወዳጅ አይደለሁም። ያደግሁት በሚሲዮን ተማሪ ቤት ነው፤ በዚያ ማታ በሦስት ሰዓት ፋኖስ ይጠፋ ነበር፤ መጽሐፍም የሚያዘው እጅን ታጥቦ ነበር። ዛሬ ልጆች እስከ እኩለ ሌሊት አልጋ ውስጥ ሆነው በእጅ ስልክ የሚመለከቱትን ጭፈራና ስድብ ባየሁ ቍጥር ራሴን እነቀንቃለሁ። ቲክቶክ ከሚባለው ነገር አንድ ቁና እህል ለማግኘት አንድ አውድማ ገለባ ማበጠር ግድ ይሆናል። ይህን የምለው፣ ሽማግሌው ወጣቶችን ለማስደሰት ጻፈ ብሎ የሚያማኝ እንዳይኖር ነው። የምከራከረው ለምወደው ነገር ሳይሆን ልክ ነው ብዬ ለማምነው ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባቸውን ፈተና ሊቀመጡ ሲሉ፣ የእንግሊዝኛው ፈተና በፌስቡክ ላይ ወጣ። ፈተናውም ተሰረዘ። ከ250 ሺህ የሚበልጡ ልጆች እርሳሳቸውን ይዘው ወደ የቤታቸው ተመለሱ። ወረቀቱን የበተኑት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው፤ በኦሮሚያ በነበረው ተቃውሞ የተነሣ ብዙ ተማሪ ቤቶች ለወራት ተዘግተው ስለ ቆዩ፣ ልጆቹ ሳይማሩ አይፈተኑ፣ ቀኑ ይራዘም የሚል ነበረ። ቅሬታው እውነት ነው። ዳሩ ግን የተሰረቀ ወረቀት መበተን አቤቱታ ማሰሚያ መንገድ ነው ብዬ ለማንም ተማሪ አላስተምርም። ፈተናው በሐምሌ ሲደገም፣ ፌስቡክና ትዊተርን የመሳሰሉት ለጥቂት ቀናት ተዘጉ። የተሰጠውም ምክንያት የተማሪውን ሐሳብ ይበትናሉ የሚል ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በግንቦት 2009 መጨረሻ፣ መዝጋቱ ከፌስቡክ አልፎ መላው ኢንተርኔት ጠፋ። በሰኔ 2011ም እንደ ገና በፈተና ሰሞን ተቋረጠ።

እንግዲህ አስተማሪ እንደ መሆኔ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ያ ወረቀት በፌስቡክ ላይ ከመውጣቱ አንድ ቀን በፊት የት ነበር? ፈተና ከሰማይ አይወርድም። የሚያዘጋጀው ሰው አለ፤ የሚያትመው ሰው አለ፤ ቆጥሮ በከረጢት የሚያሽገው አለ፤ በመኪና ጭኖ እስከ ወረዳ የሚያደርሰው አለ፤ ሌሊት ቁልፍ ይዞ የሚጠብቀው አለ፤ በማለዳም ማሸጊያውን የሚቀድደው አለ። ከእነዚህ ሁሉ አንዱ እጁን ካልዘረጋ በቀር ፌስቡክ ምንም አያገኝም። ሽቦ ከረጢት አይፈታም።

እኔ ራሴ ብዙ ዓመት ፈታኝ ሆኜ ቆሜአለሁ፤ ያውም በማትሪክ ዘመን፣ ኢንተርኔት የሚለው ቃል በአገራችን ባልተሰማበት ጊዜ። አጤሬራ በካልሲ ውስጥ፣ በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ፣ በክንድ ላይ ተጽፎ ከእጅጌ ሥር አግኝቻለሁ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተማሪ ቤት፣ ለተጠሙ ተፈታኞች ውሃ ያመጣ የነበረው ሰው በኮዳው ክዳን ውስጥ መልስ ጠቅልሎ ሲያስገባ በዓይኔ አይቻለሁ። መልሱን የሠራው አስተማሪ ነበር፤ ከግንቡ ወዲያ የሚጠብቁት ወላጆች ነበሩ። ያን ጊዜ ታዲያ የወረቀት ፋብሪካ ይዘጋ፣ ውሃ መጠጣትም ይከልከል ያለ ሰው አልነበረም።

አህያው ይኸው ነው። አህያው ቁልፍ ያዡ ነው፤ የተማሪ ቤቱ ስም እንዲጠራለት ሲል ዓይኑን የሚጨፍነው ርእሰ መምህር ነው፤ «ለልጄ ስል ምን የማላደርገው አለ» ብሎ ብር የሚቈጥረው ወላጅ ነው። እርሱን መያዝ ያስፈራል፤ የሥራ ባልደረባችን ነው፣ አበልጃችን ነው፣ ምናልባትም የአለቃችን የእኅት ልጅ ነው። መስመር ግን ዘመድ የለውም። ቢዘጋ ሽማግሌ አይልክም።

ለምን ይህን ያህል ስርቆት ኖረ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሱን በኋላ ቍጥር ነገረን። የ2014 ዓ.ም. ፈተና የተሰጠው በጥቅምት 2015 ነበር፤ በዚያ ጊዜ ተማሪዎቹን ከየተማሪ ቤታቸው አውጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ አሳደሩአቸው፤ ስልክም አስቀሩባቸው፤ የሚፈትኑአቸውም የማያውቋቸው የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆኑ። ከ890 ሺህ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። የ2015ቱ 3.2 ከመቶ፣ የ2016ቱም 5.4 ከመቶ ሆነ። ውጤቱ የተነገረ ዕለት ያለቀሰ አስተማሪ ብዙ ነው። ልጆችን በመኪናና በአውቶቡስ ከአገር ወደ አገር ማመላለሱ ብዙ ድካም እንዳለበት አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህ አሠራር ቢያንስ ዱላውን ወደ አህያው አዞረው፤ ወረቀቱንና ፈታኙን ጠበቀ። ስለዚህም እውነቱ ታየ። ያልተማረ ልጅ በፈተና ቀን ሁለት ነገር ብቻ አለው፤ ወይ ባዶ ወረቀት መስጠት፣ ወይ መስረቅ። በየዓመቱ ሽቦ ስንቈርጥ የሸፈንነው ይህንን ነበር።

«አንድ ሳምንት ቢዘጋ ምን ይጎዳል? ልጆቹም ያጠናሉ፤ እኛም ከወሬ እናርፋለን» የሚል ሰው አለ። ከአንድ ጡረተኛ ወዳጄ ጋር በዚህ ነገር ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተከራክረናል። እርሱ የሚኖረው በጡረታ ነው፤ ቢዘጋበት የሚቀርበት የዘፈን ምርጫ ነው። ነገር ግን በቤሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለች፤ ከእናትዋ ጋር የምትነጋገረው በኢሞ ነው። እናትየዋ አንድ ሳምንት ድምፅዋን ባትሰማ ልጄ ሞተች ብላ ትቀመጣለች። ደብዳቤ አዲስ አበባ ካልመጣለት ደንበኛ ጋር የሚነግድ፣ ዕቃውን በመስመር የሚያሳይ ነጋዴም አለ። የቀድሞ ዓመታት ጥያቄዎችን ከዚያው መስመር አውርዶ የሚያጠና፣ መጽሐፍ መግዣ የሌለው ተማሪም አለ፤ ፈተናውን ሊጠብቁለት ሲሉ የሚያጠናበትን ነጠቁት።

በክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ቢያፏጭና አስተማሪው ያፏጨውን ለይቶ ማወቅ ቢያቅተው፣ ስድሳውንም ልጅ ተራ በተራ መግረፍ በድሮ ዘመን የነበረ ልማድ ነው። ስድሳው ልጅ ከዚህ የሚማረው ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። ያፏጨው፣ እንዳልታወቀ ይማራል። ያላፏጩት ሃምሳ ዘጠኙ ደግሞ፣ ጨዋነት ከዱላ እንደማያድን ይማራሉ። እንክርዳዱን ለመንቀል ሲባል ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ያስጠነቀቀውን ምሳሌ በልጅነታችን ተምረነዋል፤ ሹም የሆኑትም አብረውን ተምረውታል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በ29ኛው አንቀጽ፣ ሰው በመረጠው መንገድ ሐሳቡን የመግለጽና ወሬ የመቀበል መብት እንዳለው ደንግጎአል፤ ከፈተና ሳምንት በቀር አላለም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ልማዱ ነው። እስከ 2014 ድረስ መስመሩ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ስለ ነበረ መዝጋት መብራት እንደ ማጥፋት ቀላል ነበረ። ለፈተና ሲባል የለመደ እጅ ለሌላም ጉዳይ ይዘረጋል። በሰኔ 2012 ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቈረጠ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ የትግራይ ሕዝብ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ያህል ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ባንክ ኖረ፤ በመቀሌ ወላጆቹ ያሉ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቅ ከረመ። በየካቲት 2015 ደግሞ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ መከፋፈል በተነሣ ጊዜ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ቆዩ። ለአንድ የእንግሊዝኛ ወረቀት ተብሎ የተሳለ ቢላዋ የት እንደ ደረሰ ተመልከቱ።

«ደም ከሚፈስ መስመር ቢዘጋ አይሻልም ወይ?» ይሉኛል። ይህ ቀልድ ያልሆነ ጥያቄ ነው፤ በዚህ መስመር ላይ ጎረቤቱን አርደህ ጣል የሚል ጽሑፍ በአማርኛም በሌላም ቋንቋ ተጽፎ አንብቤአለሁ፤ ጸሐፊው ወንበዴ ነው። ነገር ግን እርሱን ለመያዝ ሕግ አለ፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቍጥር 1185/2012 ሃጫሉ ከመገደሉ ከወራት በፊት ወጥቶ ነበር። በሰኔ 2012 መስመሩ ተዘግቶ ሳለ ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። ዱላና ገጀራ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። መስመሩ ባይዘጋ ከዚያ ይብስ ነበር የሚል ካለ፣ ያሳየኝና እሰማዋለሁ፤ እኔ ያየሁት ግን፣ በጨለማ ወሬ እንደሚያብጥ፣ ወሬውንም የሚያስተባብል ሰው አፉ አብሮ እንደሚዘጋ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አለመሆኑ መጽናኛ አይሆነኝም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኢራቅ ከ2015፣ ሶርያ ከ2016፣ አልጄሪያ ከ2018 ጀምሮ ለፈተና ሲሉ የአገር መስመር ዘግተዋል፤ ከዚያም ወዲህ በብዙ ዓመታት ደጋግመውታል። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ መዋጥ ባላስፈለገ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፤ እስካሁን ራሳችሁን ስትነቀንቁ የቆያችሁ ልጆቼ፣ ይህችንም አዳምጡ። በሰኔ ወር በቴሌግራም «የዘንድሮ ፈተና ከነመልሱ» እያለ የሚሸጥ ሰው የሚኖረው ገዢ ስላለው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው የፈጠራ ወረቀት ነው፤ ልጅ የእናቱን የዕቁብ ብር ከፍሎ ሐሰት ይገዛል፤ ተታለልሁ ብሎም ክስ አያቀርብም፤ ምን ብሎ ይከሳል? «ሊሰርቅልኝ ቃል ገብቶ ሳይሰርቅልኝ ቀረ» ይበል? መስመሩ ሲዘጋ ነፃነታችን ተነካ ብላችሁ የምትጮኹት ልክ ናችሁ፤ ነገር ግን ከጩኸታችሁ መካከል የመልስ ገዢው ድምፅ ሲሰማ፣ ዘጊው ምክንያቱን ከእናንተ እጅ ይቀበላል። በ2015 በተዘጋው አምስት ወር ውስጥ ቪ.ፒ.ኤን. በሚሉት ስውር በር መግባትን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳይቀር ተማረ። ብልሃቱን አደንቃለሁ። በተሰወረ ስም ሆኖ የጎረቤቱን ብሔር የሚሰድበው ደግሞ ይህንኑ በር ነፃነት ይለዋል፤ ለእርሱ ጠበቃ አልቆምም።

ሹማምንቱን ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በየዓመቱ የፈተናው ውጤት ሲነገር ስንት ተማሪ አለፈ፣ ስንት ወደቀ ተብሎ ይታተማል። ከዚያው ገጽ በታች ሌላ መስመር ይጨመር፤ ዘንድሮ ከረጢት የፈታ፣ ቁልፍ ያዋሰ፣ ወረቀት ፎቶ አንሥቶ የሸጠ ስንት ሰው ተይዞ ለፍርድ ቀረበ፣ ስንቱስ ተፈረደበት የሚል። ልጆቻችን 3.3 ከመቶ መባላቸውን በአደባባይ ሰምተው ችለዋል፤ ቁልፍ ያዦቹም ቍጥራቸው ሲነበብ ይስሙ።