ጥርስን ነክሶ መቻል ስንት ያስከፍላል?

የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። አንድ ጠዋት የዶርም ጓደኛዬ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ «እስቲ ይህን ስማ» አለኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተቀዳ ድምፅ ነው። መጀመሪያ አይጥ ሣጥን ስትቆረጥም መሰለኝ። ቆይቶ ደግሞ እህል ሳይኖር መጁ ባዶውን ወፍጮው ላይ ሲሄድ የሚሰማው ዓይነት ሆነ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አንተ ነህ። ሦስት ወር ሙሉ አላስተኛኸኝም። እንዳላስቀይምህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሁለታችንም ኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ስለነበርን ቀልዱ ቶሎ መጣልን። «ይሄማ ኤክስተርናሊቲ ነው፤ አንተ ታፋጫለህ፣ ወጪውን እኔ እከፍላለሁ» አለኝ። ሳቅን፤ ክላስ ሄድን፤ ረሳነው። ሂሳቡ ለእኔም የመጣው ከተመረቅሁ በኋላ ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ቆሎ ስበላ ለሁለት ተሰነጠቀ። የሄድኩበት ክሊኒክ «ይነቀል» አለ፤ ተነቀለ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ለምን እንደተሰነጠቀ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዛሬ ሃያዎቹ ውስጥ ሆኜ ምላሴ በሄደ ቁጥር የሚያገኘው ክፍተት አለኝ።

ያደግሁት ሮብ ገበያ ነው። ለማታውቋት፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ አቅጣጫ፣ ስናን ወረዳ ውስጥ ያለች፣ ስሟን ከረቡዕ ገበያዋ ያገኘች፣ የድንችና የገብስ አገር ናት። ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ መቻል ትልቅ ነገር ነው። ለተከፋ ሰው «ጥርስህን ነክሰህ ቻለው» ይባላል። ፈተና ለደረሰበት «ጥርስህን ነክሰህ አጥና»፣ ተመርቆ ሥራ ላጣ ደግሞ «ጥርስህን ነክሰህ ጠብቅ»። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ስንቱ ሰው ስንቱን ክፉ ቀን በዚህ ምክር አልፏል። ችግሩ መንጋጭላችን ምክሩን ቃል በቃል መውሰዱ ነው።

አሁን ይህን እያነበባችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የላይኛውና የታችኛው ጥርሳችሁ ተገጣጥመዋል? ከሆነ ቀስ አድርጋችሁ አላቋቸው። ጤናማ ሰው ሲያርፍ ከንፈሩ ይገጠማል እንጂ ጥርሱ አይገጠምም። ጥርሶቻችን በእርግጥ የሚነካኩት ስናኝክና ስንውጥ ነው፤ ይህም ተደምሮ በቀን 20 ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። ቀሪውን ሰዓት ጡንቻውም ጥርሱም ማረፍ አለበት።

ጥርስ ማፋጨት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንቅልፍ ላይ የሚመጣው ነው፤ ባለቤቱ አያውቀውም፣ አጠገቡ የተኛው ነው የሚሰማው። ሁለተኛው ነቅተን ሳለ የምናደርገው ነው፤ ይሄኛው ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፣ መንከስና መጭመቅ ነው። ስልክ ላይ ስናፈጥ፣ ስንናደድ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንቆም፣ ኤክሴል ላይ ስንሠራ እናደርገዋለን። እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ በተደረገ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 8ቱ እንቅልፍ ላይ እንደሚያፋጩ ተናግረዋል። ይህ እንግዲህ የሰማ ሰው ነግሯቸው ያወቁት ብቻ ነው። ነቅተው የሚነክሱት ደግሞ ከዚህ ይበዛሉ።

ምልክቶቹን ልብ በሉ። ጠዋት ስትነሱ መንጋጭላችሁ ይደክማል ወይም ይጨመደዳል። ከጆሮ ግንዳችሁ በላይ፣ ሰሪሳራችሁ አካባቢ ራስ ምታት አለ፤ ረፋድ ላይ ይለቃችኋል። ቀዝቃዛ ውኃ ጥርሳችሁን ይጠዘጥዘዋል። ጥርሳችሁ ጫፉ ጠፍጣፋ እየሆነ፣ እያጠረ፣ ጠርዙ እየተሸራረፈ ይሄዳል። የምላሳችሁ ጠርዝ ላይ የጥርስ ቅርጽ ታትሞ ይታያል። አፋችሁን ስትከፍቱ ጆሯችሁ ሥር «ቋ» የሚል ድምፅ አለ። ጆሯችሁን እያመማችሁ ሐኪሙ ጆሮው ጤነኛ ነው ይላችኋል። አንዱ ብቻ ቢኖር ብዙም አይናገርም። ሁለት ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን መጠየቅ ነው። እኔ አራቱ ነበሩኝ። ራስ ምታቱን የጥናት፣ ጥዝጠዛውን የብርድ አደረግሁት።

ለምን ይመጣል? ድሮ የጥርስ አገጣጠም መበላሸት ነው ይባል ነበር። ዛሬ ባለሙያዎች ዋናውን ምክንያት የሚፈልጉት አንጎል ውስጥ ነው። እንቅልፍ ላይ አንጎላችን ለሰከንዶች በከፊል ይነቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ወዲያው የማኘኪያ ጡንቻዎች ይሠራሉ። ይህን መነቃቃት የሚያበዛ ነገር ሁሉ ማፋጨቱንም ያበዛል። ጭንቀት፣ በማምሻ ሰዓት የሚጠጣ ቡና፣ አልኮል፣ ሲጋራ አሉበት። በከባዱ የሚያንኮራፋና እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ሰው ላይም ይታያል። ጫትንም እዚህ ላይ አስቡት፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን አንጎልን የሚያነቃ የአምፌታሚን ዘመድ ነው፣ ያውም መንጋጭላን ለሰዓታት ያሠራል። አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችም ያመጡታል። እነሱን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ያዘዘውን ሐኪም አነጋግሩ። በዘር የሚሄድበት ጊዜም አለ።

ጭንቀቱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ አባሎቹን ሲጠይቅ፣ ከ10 ሐኪሞች 7ቱ ገደማ ኮቪድ ከገባ ወዲህ የሚያፋጩና የሚነክሱ ታካሚዎች እንደበዙባቸው መልሰዋል። ቤት ተዘግቶ፣ ነገ ምን ይመጣል ሲባል፣ የሰው ጭንቀት ጥርሱ ላይ ታየ ማለት ነው። ወደ እኛ አምጡት። እኛ ከኮቪድ ቀጥሎ ጦርነት ነው የመጣብን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አማራ ክልል የሆነውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የተኩሱን ሌሊት፣ የተዘጋውን መንገድ፣ ለወራት የጠፋውን ኢንተርኔት፣ የተቋረጠውን ትምህርት። በዚህ ላይ ሥራ ፍለጋውና የኑሮ ውድነቱ አለ። የእኛ ትውልድ ስንት ጥርስ እየፈጨ እንዳለ የቆጠረ አላየሁም።

«ሰው በሚሞትበት አገር ስለ ጥርስ ማፋጨት ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ለራሴም ብዬዋለሁ። ግን ጭንቀት በወሬ አያልፍም፤ አካል ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። አንዱ በጨጓራው፣ አንዱ በእንቅልፉ፣ አንዱ በጥርሱ ይከፍላል። ጥርስ ደግሞ ክፉ ጸባይ አለው። የላይኛው ሽፋኑ፣ ኢናሜል የሚባለው፣ ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር ነው፤ ግን አንዴ ካለቀ አይተካም። የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ሲወጣ ጠፍተዋል። አጥንት ይጠገናል፣ ቆዳ ያድጋል፣ ኢናሜል ግን የለም። በእኛ ቋንቋ፣ ዲፕሪሲዬሽን ያለው መተኪያ የሌለው ካፒታል ነው። ሲያልቅ ደግሞ ደወል አያሰማም።

አሁን ወደ ቤት ልመልሳችሁ። ባለፈው ሮብ ገበያ ስሄድ የሰባት ዓመቷ እህቴ ሌሊት ታፋጫለች። ድምፁን ሳውቀው ደነገጥኩ። እማዬ ግን አልደነገጠችም። «ወስፋት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ነገ ሮብ አይደል፣ ከገበያ ኮሶ እገዛላታለሁ» አለች። እኔም ልጅ ሆኜ የጠጣሁት ትዝ አለኝ፤ ምሬቱ አሁንም ጉሮሮዬ ላይ አለ።

እማዬን አላሾፍኩባትም፤ እናንተም የእናንተን እንዳታሾፉባት። ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም፣ በብዙ አገር አለ፣ ሳይንቲስቶችም አጥንተውታል። ውጤቱ ግን የማይገጣጠም ነው፤ ማፋጨት የወስፋት ምልክት ነው ተብሎ ሕክምና የሚሰጥበት በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ደግሞ ኮሶ የወስፋት መድኃኒት አይደለም፤ ሲሠራ የኖረው በጥሬ ሥጋ ለሚመጣው ለኮሶ ትል ነው። መጠኑ ሲበዛ ዓይን ድረስ ይጎዳል፤ ለትንሽ ልጅ በግምት የሚለካ ነገር አይደለም። «እማዬ፣ ተይ፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሰገራዋ ይታይ» አልኳት። ካለባት ኪኒኑ ቀላል ነው፤ ከሌለባትም አርፋ ትተኛ። ልጆች ላይ ማፋጨት ከአዋቂ ይበዛል፣ አብዛኞቹም ሲያድጉ ይተዉታል። የምትታየው ጥርሷን ካመማት፣ ካንኮራፋች ወይም ቀን ቀን ከፈዘዘች ነው። እማዬ ትንሽ ዝም አለችና «አንተስ? አንተን ያልተወህ ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለካ እሷም ሌሊት ትሰማኝ ኖሯል።

መፍትሔውስ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ እንቅልፍ ላይ የሚመጣውን አንዴ አድኖ የሚገላግል መድኃኒት የለም። ጥርሱን ማዳን ግን ይቻላል። የጥርስ ሐኪም በአፋችሁ ልክ የሚያሠራላችሁ፣ ማታ የሚደረግ የፕላስቲክ መከለያ አለ። ማፋጨቱን አያስቆምም፤ ጥርስ ጥርስን እንዳይበላ መሐል ይገባል። ዋጋውን ስጠይቅ በልቤ ወደ ድንች ኩንታል መንዝሬ ደነገጥኩ። ከዚያ የተነቀለ ጥርስ ማስተከልን ጠየቅሁና መከለያው ረከሰብኝ።

ብር የማይጠይቁም አሉ። ቀን ቀን ስልካችሁ ላይ አራት አምስት አላርም ሙሉ፤ በጮኸ ቁጥር ጥርሳችሁን አላቁ፣ ትከሻችሁን ጣሉ፣ ምላሳችሁን ከላይኛው የፊት ጥርስ ኋላ አሳርፉ። ለአንድ ሳምንት ሞክሩት፤ ስንቴ ነክሳችሁ እንደምትገኙ ትገረማላችሁ። ከሰዓት በኋላ ቡናውን ቀንሱ። ሲያማችሁ መንጋጭላችሁ ላይ በሞቀ ውኃ የተነከረ ፎጣ አድርጉ፤ ማስቲካ አታኝኩ። ለብቻችሁ የምትተኙ ከሆነ ስልኩን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጋችሁ ራቅ አድርጉት። አልጋ ውስጥ ይዛችሁት ገብታችሁ እስከ ስምንት ሰዓት ቪዲዮ ማየት ግን ራሱ የችግሩ አካል ነው፤ የምናገረው ከልምዴ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። «አገጣጠሙ እንዲስተካከል ጥርስህን ትንሽ ልሞርደው» ከተባላችሁ ቁሙ፤ የተሞረደ አይመለስም፣ ማፋጨትን ለማቆም እንደሚሠራም አልታየም። «ይነቀል» ከተባላችሁም «ለምን ተሰነጠቀ? ማዳን አይቻልም?» ብላችሁ ጠይቁ። የማይቀር ነቀላ አለ፤ ሳይጠየቅ የሚደረግ ነቀላ ግን መቅረት አለበት።

ከጤና ተቋማቱ የምጠብቀውም ብዙ አይደለም። ጥርሱን አሞት ለመጣ ወጣት ሁለት ጥያቄ ይጨመርለት፦ «ጠዋት መንጋጭላህን ያምሃል? እንቅልፍህስ እንዴት ነው?» ይህ ማሽን አይፈልግም፣ በጀት አይፈልግም። የዩኒቨርሲቲ ክሊኒኮች በፈተና ሰሞን ራስ ምታት ይዞ ለሚመጣው ተማሪ የማስታገሻ ኪኒን ከመስጠታቸው በፊት ይጠይቁት። የማኅበረሰብ ጤና መድን የሚከፍለው ገበሬም ለጥርስ ምን እንደሚሸፈንለትና ምን እንደማይሸፈንለት ሳይታመም በፊት በግልጽ ይነገረው።

ለእኛ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ጓደኛዬ ሦስት ወር ዝም ያለው በደግነቱ ነው። እማዬም ዝም ያለችው የሚያልፍ መስሏት ነው። እኔም ራስ ምታቴን ለማንም ያልተናገርኩት መቻል ስለሆነብኝ ነው። ሦስት ደግ ዝምታ ተደምሮ አንድ ጥርስ በላ። ዛሬ ማታ አጠገባችሁ የሚተኛውን ሰው፣ እህት ይሁን ወንድም፣ ባል ይሁን ሚስት ወይም የዶርም ጓደኛ፣ «ሌሊት አፋጫለሁ እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁት። እናንተም የምትሰሙት ካለ ጠዋት ንገሩት። ከዚያ ደግሞ ምን እንዳስጨነቀው ጠይቁት።