ስማቸውን አከበርን፣ ቃላቸውን ቀበርን

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው አባባል ለማን እንደተነገረ ማወቅ የሚፈልግ ካለ ወደኛ አገር ብቅ ይበል። የአማርኛን ቲያትር መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ የጎጃም ልጅ ናቸው። ጎጃም ግን የእሳቸውን ቲያትር አያውቀውም። እንጅባራ ላይ አንዱን ተማሪ አስቁማችሁ «ሼክስፒር ማነው?» ብትሉት ይነግራችኋል። «ዮፍታሔ ንጉሤስ?» ስትሉት ግን ዓይን ዓይናችሁን ያያል። ዳንግላም ያው ነው፤ ሞክሬዋለሁ። በልጁ አልፈርድበትም። ያላስተማሩትን ከየት ያምጣው?

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1887 ዓ.ም. ደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ የታወቀ የቅኔ አገር ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ነው። ዮፍታሔ ቅኔያቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ በቤተ ክህነት አገለገሉ፣ አስተማሩ፣ ቲያትር ጻፉ። አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን የሠሩለትን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን የደረሱት እሳቸው ናቸው። አገር በሙሉ ቆሞ የዘመረውን ግጥም የጻፈ ሰው እንዴት ይረሳል? ተረስቷል እኮ!

ያ ዘመን ደግሞ ለቲያትር ጸሐፊ ምቹ አልነበረም። ከዮፍታሔ በፊት፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት አዲስ አበባ ላይ አሳይተው ነበር። የፈረንሳዩን የላ ፎንቴንን መንገድ ይዘው አውሬዎችን አናገሩ። ታዲያ ሹማምንቱ በአውሬዎቹ ውስጥ የገዛ መልካቸውን አዩና ተቆጡ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቲያትር ታገደ። መድረኩ ነፍስ የዘራው በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ሰሞን ሲሆን ያኔ ብቅ ካሉት ጸሐፊዎች ግንባር ቀደሙ ዮፍታሔ ነበሩ።

ቲያትርን መፍራት የኛ ሹሞች ብቻ አመል አይደለም። ሞልየር እ.ኤ.አ. በ1664 «ታርቱፍ»ን ቢያሳይ አስመሳዮቹ ተንጫጩና ለአምስት ዓመት ያህል በአደባባይ እንዳይታይ ተደረገ። በቅርቡ ዘመንም ዣን አኑይ እ.ኤ.አ. በ1944 ፓሪስ በጀርመኖች እጅ እያለች «አንቲጎን»ን መድረክ ላይ አወጣው። ፈረንሳዮች ሁለቱንም አትመው፣ ለልጆቻቸው አስተምረው፣ እስከ ዛሬ ይጫወቷቸዋል፤ ይከራከሩባቸዋል። «ታርቱፍ»ን እኮ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶልናል! ሞልየርን በአማርኛ ያገኘን ሰዎች የደብረ ኤልያሱን ዮፍታሔ በገዛ ቋንቋችን አጣናቸው።

ወደ ሠፈራችን ልመለስ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትይዝ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በጥር 1933 ዓ.ም. ከሱዳን የተነሣው የንጉሡ ጉዞ በኦሜድላ ገብቶ፣ በበላያ አድርጎ፣ በእንጅባራና በቡሬ በኩል ነው ወደ ደብረ ማርቆስ ያለፈው። ዳንግላ የነበረው የኢጣሊያ ጦርም በዚያው ሰሞን ከተማዋን ለቆ ሄደ። ስለዚህ እኛ የአዊ ሰዎች የዚያ ስደትና የዚያ ነፃነት መንገድ ላይ ነው የምንኖረው። ዮፍታሔ ከነፃነቱ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ በ1939 ዓ.ም. አረፉ። ገጣሚው ዮሐንስ አድማሱ የሕይወታቸውንና የጽሑፋቸውን ታሪክ ባይጽፍልን ኖሮ ይህችንም ባላወቅን ነበር።

«ወንድሜ፣ አሁን ስለ ቲያትር የሚወራበት ጊዜ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ያየውን ጦርነት እኔም አይቻለሁ። ግን የሰውየውን ድርሰቶች ርዕስ ብቻ ስሙልኝማ፦ «የሆድ አምላኩ ቅጣት»፣ «አፋጀሽኝ»፣ «እያዩ ማዘን»። ለዚህ ለኛ ጊዜ የተጻፉ አይመስሉም? ሆዱን አምላክ ያደረገ ሹም ዛሬ የለም? ወንድምና ወንድም ሲፋጅ እያየን አላዘንንም? ቲያትር ጦር አያስቆምም፤ ይህን አላጣሁትም። ነገር ግን ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ጥፋት በሌላ ሰው ገላ ላይ ሲያይ፣ ቤቱ ሲገባ የሚያስበው ነገር ይኖረዋል። ሹማምንቱ በ«ፋቡላ» የደነገጡት ለዚሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዳንድ ወጣቶች ቲያትር ለማሳየት ፈልገው አዳራሽ ሲጠይቁ አብሬያቸው ነበርኩ። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት «በቅድሚያ ጽሑፉ ይታይ» አለን። ታየ፤ ታይቶም ቀረ። ለስብሰባና ለድጋፍ ሰልፍ ሲሆን አዳራሹም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ ውሎ አበሉም ሞልቷል! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 የኪነ ጥበብ ፈጠራን ነፃነት ያረጋግጣል፤ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል። ጌቶቼ፣ ሕጉ የእናንተው ነው፤ እኛ አልጻፍነውም።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የዮፍታሔ ድርሰቶች በሚገባ ታትመው ለየትምህርት ቤቱ ይዳረሱ። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አንዱን እንኳ መድረክ ላይ ያውጣው። ልጆቻችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአዊኛ ይማራሉ፤ ታዲያ «የሆድ አምላኩ ቅጣት» በአዊኛ ቢተረጎም ምን ይላል? በአዊኛ አዲስ ቲያትር የሚጽፍም ልጅ ይፈለግ። ጥር 23 ለአገው ፈረሰኞች በዓል ያ ሁሉ ሕዝብ እንጅባራ ሲሰበሰብ፣ ቀን ፈረስ ያየ ሰው ማታ ቲያትር ቢያይ ለከተማዋም ገቢ ነው።

ይህን ሁሉ ማድረግ ያቃተው ባለሥልጣን ቢያንስ አንድ ነገር ያድርግልን። የአዳራሹን ቁልፍ ይስጠን። ጽሑፉን ከሕዝቡ ጋር፣ ትኬት ቆርጦ፣ መጋረጃው ሲገለጥ ያየዋል።