ተራራን በመኪና መውጣትም ተራራ መውጣት ነው



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ ጨጓራና ስለ ስኳር ብቻ አይደሉም። «ዶክተር፣ ለጉብኝት ባሌ ልንሄድ ነው፤ እናቴ ግፊት አለባት፤ ትችላለች?» «ልጄ 2 ዓመቱ ነው፤ ይዤው ብወጣስ?» «እኛ እኮ በእግር አንወጣም፤ ከመኪና ሳንወርድ አይተን እንመለሳለን፤ ምን ችግር አለው?» የሚሉ በዝተዋል። ዛሬ ይቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ይዤ ሐሳቤን ላካፍላችሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ሂዱ! አገራችሁን እዩ። ከስልክና ከቢሮ ወንበር ርቆ ሁለት ሦስት ቀን ንጹሕ አየር መተንፈስ፣ ቀይ ቀበሮን በገዛ ዓይን ማየት ለአእምሮም ለአካልም መልካም ነው። ግን በትንሽ ቡድን፣ አካባቢውን በሚያውቅ አስጎብኚ፣ ሳትቻኮሉ ሂዱ። ትንሽ ቡድን ገንዘብ የተረፈው ሰው ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን የጤና ጉዳይ ነው እላለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መንገዱ ምን ያህል ነው የሚወጣው?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ዲንሾ 3,100 ሜትር አካባቢ ነች። ሮቤ ወደ 2,500፣ ጎባ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ናቸው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ይሆናል። ከዚያ ተገንጥሎ ቱሉ ዲምቱ አናት ድረስ መኪና ይወጣል፤ እሱ 4,377 ሜትር ነው።

አሁን ልብ በሉ። ጎባ ቁርስ የበላ ሰው ከ1,200 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሙዚቃ እየሰማ ነው። በእግሩ ቢሆን ቀኑን ሙሉ በፈጀበት ነበር። በእግር የሚወጣ ሰውን ሰውነቱ ራሱ «ቆም በል» ይለዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጉልበቱ ይዝላል፣ ያርፋል። በመኪና የሚወጣውን ግን የሚያስቆመው ነገር የለም። ነዳጁን የሚያቃጥለው ሞተሩ ነው፤ አየሩን የሚተነፍሱት ግን እናንተ ናችሁ።

ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አይቀንስም። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። በባሕር ዳርቻ የምናገኘውን 100 ብንለው፣ አዲስ አበባ ላይ 75 ገደማ፣ ሳነቴ ላይ ደግሞ 60 አካባቢ ይሆናል። «እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ደገኞች ነን፣ ለምደነዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። የለመድነው 2,350 ሜትርን እንጂ 4,000ን አይደለም። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣው ወንድማችሁማ ይህን ግማሽ ልምድም አልያዘም። እሱን ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን አዲስ አበባ አሳርፉት።

የከፍታ ሕመም ምን ይመስላል?

ዋናው ምልክት ራስ ምታት ነው። ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካም፣ ማዞርና እንቅልፍ መረበሽ ይከተላሉ። ብዙውን ጊዜ ከፍታው ላይ ከተደረሰ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ቀደም ብሎም ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ሳነቴ ላይ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ መውረድና እዚያው ድንኳን ተክሎ ማደር በጣም የሚለያዩት። ከአዲስ አበባ በወጣችሁ በመጀመሪያው ሌሊት 4,000 ሜትር ላይ የምታድሩበትን የጉዞ ፕሮግራም በሐኪም ዓይን ካያችሁት፣ አልደግፈውም።

«መኪና ስለሚያዞረኝ ነው» ብሎ ማለፍም የተለመደ ነው። መለያው ቀላል ነው። የመኪና ማዞር መኪናው ቆሞ ትንሽ ንፋስ ሲያገኛችሁ ቀለል ይላል። የከፍታው ራስ ምታት ግን መኪናው ቢቆምም አይለቅም።

አስቸኳይ የሚባሉት ምልክቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ ሳል፣ ቀጥ ብሎ መራመድ አለመቻል፣ መቀባዠር፣ ሲቀሰቅሱት በደንብ አለመንቃት። እነዚህ ውሃ ሳንባ ውስጥ መጠራቀሙን ወይም አንጎል ማበጡን ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ሁለቱም ይገድላሉ። ስለዚህ ኋላ ወንበር ላይ የተኛውን ሰው «ደክሞት ነው፣ ተዉት» አትበሉ። ቀስቅሱት፣ አነጋግሩት።

መድኃኒቱ አንድ ነው፦ መውረድ። «እስኪ ትንሽ እንጠብቅ» የለም። ጥቂት መቶ ሜትሮች መውረድ እንኳ ለውጥ ያመጣል። ደግነቱ ከሳነቴ ወደ ጎባ ተመልሶ መውረድ ይቻላል፤ በደቡብም መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ምልክቱ አስቸኳይ ከሆነ ግን ሆስፒታል ወዳለበት ወደ ጎባ ነው።

ይሉኝታ የሚባል ሌላ ሕመም

ስለ ቡድን መጠን የምጨቃጨቀው እዚህ ላይ ነው። ራሱን ያመመው ሰው ካልተናገረ ማን ያወርደዋል?

እኛ ይሉኝታ አለብን። 30 ሰው በጫነ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት እናት ራሷ ሲፈነዳ «የሰው ደስታ አላበላሽም» ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ዝም ትላለች። የመጀመሪያ ደሞዙን አጠራቅሞ የመጣው ወጣት «በእኔ የተነሳ ቱሉ ዲምቱ ቀረ ሊባል ነው» ብሎ ጥርሱን ይነክሳል። አስተባባሪውም ቢሆን 30 ሰው ስለከፈለበት ለአንድ ሰው ብሎ መኪና ማዞር ይከብደዋል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የብዙ ሰው ጉዞ ራሱ እንዲህ ያደርገዋል።

ስድስት ሰባት ሆናችሁ ስትሄዱ ነገሩ ይለወጣል። አስጎብኚው የሁላችሁንም ፊት ያያል። ጠዋት ስትስቅ የነበረችው ልጅ ዝም ካለች ያስተውላል። «ማነው ራሱን ያመመው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱንም በትክክል ያገኛል። እኔ ራሴ በሄድኩበት የሰባት ሰው ጉዞ ላይ አስጎብኚያችን የአካባቢው ልጅ ነበር፤ በየግማሽ ሰዓቱ እያንዳንዳችንን በስም እየጠራ ይጠይቀን ነበር። አንዷ ጓደኛችን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው «እውነቱን ልንገራችሁ፣ ራሴን እያመመኝ ነው» ያለችው። ቱሉ ዲምቱን ትተን ወረድን። ጎባ ስንደርስ ምሳ በላች። ማንም አልተቀየማትም።

በቃ፣ የትንሽ ቡድን ጥቅሙ ይሄ ነው። ሰው «አመመኝ» ለማለት የማያፍርበት ጉዞ ነው።

አውሬውም ችኮላ አይወድም

«ሌሊቱን ነድተን ጎህ ሲቀድ ሳነቴ ካልደረስን ቀበሮው ያመልጠናል» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ቀይ ቀበሮ የቀን አዳኝ ነው። ዋና ምግቡ እንደ ግዙፉ ፍልፈል ያሉ አይጥ መሰል እንስሳት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ፀሐይ ሲሞቅ ነው ከጉድጓዳቸው ብቅ የሚሉት። ስለዚህ በደንብ ተኝታችሁ፣ ቁርስ በልታችሁ ረፋድ ላይ ብትደርሱም አልዘገያችሁም። ያልተኛ ሾፌር በጭጋግና በጠመዝማዛ መንገድ ሲነዳ ከከፍታ ሕመሙ የባሰ አደጋ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት ለዲንሾ ስጡት። እዚያ የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ በጽዱና በኮሶው ዛፍ መሐል በአጭር የእግር ጉዞ ይታያሉ። እግራችሁ ይፍታታል፣ ሰውነታችሁም ከፍታውን መልመድ ይጀምራል። ሮቤ ወይም ጎባ ወርዳችሁ እደሩ። ሳነቴን በማግስቱ።

በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ከ2003 እስከ 2004 እና ከ2008 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ጨርሷል፤ በሽታው የሚደርሳቸው ከውሾች ነው። ከ2018 ጀምሮ በስጋ ውስጥ የተደበቀ የአፍ ክትባት እየተሰጣቸው መሆኑ ተስፋ ይሰጣል። እኛስ? የተረፈ ምግብ አንጣል፤ ውሻ ይስባል። በዝግታ እንንዳ፤ ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ የሚሞትበት መንገድ ነው። ከመኪናው ሳንወርድ ዝም ብለን እንይ። ፎቶ ለማንሳት ብሎ 4,000 ሜትር ላይ መሮጥ ቀበሮውን ያባርራል፣ የእናንተንም ልብ ያስጨንቃል። ውሻ ወይም ሌላ እንስሳ ከነከሳችሁ ደግሞ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በወራጅ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጠቡና ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ነገ አይባልም።

ሳይሄዱ ሐኪም ማማከር ያለባቸው

የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለባቸው፣ አስምና የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ ከባድ የደም ማነስ ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች። ሕፃን ልጅ «ራሴን አመመኝ» ማለት ስለማይችል፣ ያለምክንያት መነጫነጭና ምግብ እምቢ ማለት ምልክት ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ግፊቷ በመድኃኒት የተስተካከለ እናት ብዙውን ጊዜ ሐኪሟን አማክራ መሄድ ትችላለች፤ መድኃኒቷን ግን በእጅ ቦርሳዋ ትያዝ፣ ሻንጣ ውስጥ አይቀበር። አሴታዞላማይድ የሚባለው የከፍታ ሕመም መከላከያ መድኃኒት ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ለዚያ ሌሊት ይቅሩ። ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ እዚያ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጥላው ያንቀጠቅጣል።

«ዶክተር፣ ዋጋውስ?»

ልክ ናችሁ፣ የትንሽ መኪና ጉዞ ይወደዳል። ሦስተኛ ቀን ሲጨመርማ የአልጋም ይጨምራል። የደመወዝተኛውን ኪስ አውቀዋለሁ። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ለአዘጋጁ አራት ጥያቄ ማቅረብ ነጻ ነው፦

1. የመጀመሪያውን ሌሊት የት ነው የምናድረው?
2. በአንድ መኪና ስንት ሰው ነው? የአካባቢው አስጎብኚ በየመኪናው አለ?
3. አንድ ሰው ቢታመም ይዞት የሚወርድ መኪና የትኛው ነው?
4. ሾፌሩ ሌሊት ይተኛል?

ቡድኑ ትልቅ ቢሆን እንኳ በየመኪናው አንድ ጠያቂ ሰው መመደብ ይቻላል፤ ይህ ብር አያስወጣም። እነዚህን ሲጠየቅ የሚቆጣ አዘጋጅ ከሆነ መልሱን ሰጥቷችኋል፤ ሌላ ፈልጉ።

በነገራችን ላይ የሰው ልጅ ባሌ ላይ መኖር የጀመረው ትናንት አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት ፊንጫ ሀበራ በተባለ ዋሻ፣ ወደ 3,470 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ30,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበርና ያንኑ ግዙፍ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበር አሳይቷል። ሰውነታችን ከፍታን ይችላል። የሚፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። እኛ ግን ቅዳሜና እሁድን ብቻ ሰጥተነው «ቻል» እንለዋለን።

ስለዚህ ሂዱ፣ ግን ቀስ በሉ። ራሳችሁን ካመማችሁ ተናገሩ። ጓደኛችሁ ዝም ካለ ጠይቁት። ተራራው የትም አይሄድም፤ ዘንድሮ ቱሉ ዲምቱ ቢቀር ለከርሞ ይደረሳል።

ለጉዞ እየተዘጋጀ ላለ ወዳጅ ዘመድ አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ።

መልካም ጉዞ፣ መልካም ጤና!