ያልተበላ ምሳ ዕዳ

ተማሪ «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ሲል እንደ ነውር የሚቆጠርበት አገር ነው የኛ። «ትምህርት ሊሸመት ነው እንዴ?» ይባላል። «ዕውቀት በኪሎ ይመዘናል?» ይባላል። ማለፊያ! ዕውቀት በኪሎ አይመዘንም። ምስር ወጥ ግን በጭልፋ ይለካል፤ አልጋም በቁጥር ይቆጠራል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ ጭልፋውንም አልጋውንም እየቆጠሩ በተማሪው ስም ዕዳ መጻፍ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቆጠራውን ያመጣው ተማሪው አይደለም። ታዲያ ቆጣሪው ቆጥሮ ሲያበቃ ተማሪው «እስቲ እኔም ልቁጠር» ቢል ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። «ወጪ መጋራት» የሚባለው ሥርዓት በ1995 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ሲደነገግ፣ ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ከምግቡና ከመኝታው ግን ሙሉውን እንዲሸፍን ተባለ። በእጁ የሌለውን ከየት ያመጣል? ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠበት ይከፍላል፤ ጊዜውም እስከ 15 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። ለዚህም ውል ይፈርማል። ልብ በሉልኝ፣ አንባቢዎቼ፤ መንግሥት የመምህሩንና የቤተ ሙከራውን ወጪ አብዛኛውን ለራሱ ወስዶ፣ ሙሉ በሙሉ በልጁ ጫንቃ ላይ የጣለው ሽሮውንና አልጋውን ነው። የኔም ክርክር የሚበረታው እዚህ ላይ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። በወሩ አጋማሽ ላይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደየቤታቸው እንዲሄዱ ተደረገ። ትእዛዙ ስሕተት ነበር አልልም። በአንድ ክፍል ታጭቀው በተደራራቢ አልጋ በሚያድሩ ወጣቶች መካከል ያ በሽታ ቢገባ ምን ይከተል እንደነበር ለመገመት ሐኪም መሆን አያሻም። መበተኑ ልክ ነበር። የተበተነውን ልጅ ግን ማን አበላው?

አዲስ አበባ ተቀምጠን ስናስበው መልሱ ቀላል ነው፤ ቤቱ ገባ፣ ቤተሰቦቹ አበሉት። ቤቱ ወገዳ ከሆነስ? ወገዳ የሲማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ደቡብ ጎንደር በምሥራቅ በኩል ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች በሚያዘቀዝቅበት ጥግ ትገኛለች። ሲማዳም ሆነ ጎረቤቶቹ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፣ የመሬታቸው ለም አፈር ታጥቦ ለዓባይ የተሰጠባቸው፣ ገበሬያቸው እርከን ሠርቶና መንገድ ጠርጎ በሴፍቲኔት ስንዴና ብር ጉድለቱን ሲደፍን የኖረባቸው ወረዳዎች ናቸው። እንዲህ ካለ ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ፣ ከኩራትነቱ እኩል፣ ከማዕዱ ዙሪያ የቀነሰ አንድ አፍ ነው። ይህን ማለት ይከብዳል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ያ አፍ ታዲያ በመጋቢት፣ ጎተራው መሳሳት በሚጀምርበት ወራት፣ ሳይታሰብ ተመለሰ። እናቲቱ ካላት ላይ ቆርሳ ሰጠችው፤ ደረሰኝ አልጠየቀችም፤ ልጇ ነዋ!

አሁን ሒሳብ እንሥራ። በዚያን ጊዜ ለአንድ ተማሪ የተመደበው የቀን የምግብ በጀት 15 ብር ነበር። (በ15 ብር ሦስቴ እንዴት ይበላ እንደነበር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ከመጋቢት 16 እስከ ሰኔ 30 ያለው 105 ቀን ነው፤ ሲባዛ 1,575 ብር ይመጣል። ክረምቱን አልነካሁም፤ ክረምትማ ድሮም የቤተሰብ ነው። 1,575 ብር ለአንዳንዶቻችን የአንድ ምሽት ግብዣ ሊሆን ይችላል። ለሲማዳ ገበሬ ግን ገንዘብ ነው፤ የዘር መግዣ ነው፣ የማዳበሪያ መዋጮ ነው፣ የታናሽ እኅት ደብተርና ጫማ ነው።

ተከራካሪዬን አውቀዋለሁ። «ትምህርቱ እኮ አልቀረም፤ በ2013 በየተራ ተጠርተው ቀሪውን ተምረዋል። የተሰጠ ነገር ምን ተብሎ ይመለሳል?» ይላል። ሚዛን የሚደፋ መልስ ነውና አላቃልለውም። ለ15 በመቶው እቀበለዋለሁ፤ መምህሩ ዘግይቶም ቢሆን አስተምሯል። ምግቡን ግን እንዲሁ አልለቅም። ምግብ እንደ ትምህርት በማካካሻ አይሰጥም፤ የሚያዝያን ምሳ በጥር የበላ ሰው እስካሁን አላየሁም። ተማሪው ተመልሶ ሲገባ የበላው የተመለሰበትን ቀን ምግብ ነው። አንድ ጊዜ የተበላ አንድ ጊዜ ይጻፍ፤ ትምህርቱ ሁለት ዓመት ስለነካ በሁለት ዓመት ተመን አይጻፍ። ተጽፏል አልተጻፈም የሚለው የሚለየው ደግሞ ሒሳቡ በቀንና በወር ተዘርዝሮ ለባለዕዳው ሲሰጥ ነው። «የምግብ ይህን ያህል፣ የመኝታ ይህን ያህል» የሚል የዓመት ድምር ብቻውን ሒሳብ አይባልም። የሰፈራችን ባለሱቅ እንኳ የዱቤ ደብተሩን ገልጦ «በዚህ ቀን ስኳር፣ በዚህ ቀን ዘይት» ይላል። ዩኒቨርሲቲ፣ ያውም የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ ከባለሱቅ ያንሳል?

እስካሁን በዱቤ ስለሚማረው አወራሁ። በጥሬ ገንዘብ የከፈለውስ? በግል ኮሌጅ ወይም በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማረው ወጣት ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ከፍሎ ነው የሚገባው። በሩ ሲዘጋበት የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፤ «ከዐቅም በላይ ነው» የሚል ነው። ቃሉ የሕግ ቃል ስለሆነ ጠያቂውን ያስደነግጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 1792 እና 1793 ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ውሉን እንዳይፈጽሙ የሚከለክል የመንግሥት ትእዛዝም ከምሳሌዎቹ አንዱ ነው። እሺ፣ ተስማማን። ግን ይህ ኃይል ባለዕዳውን የሚያድነው ከምኑ ነው? ከካሣ ነው። «ባለማስተማርህ ለደረሰብኝ ጉዳት ካሠኝ» ብዬ እንዳልከስህ ይጋርድሃል። ያልሰጠኸኝን ነገር ዋጋ በኪስህ ይዘህ እንድትቀር ግን ፈቃድ አይሆንህም። ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሳሉ የሚለውም እዚያው ሕግ ውስጥ ነው። ወረርሽኙ የመጣው በሁለታችንም ላይ ሆኖ ሳለ ጉዳቱን አንደኛችን ብቻ የምንሸከምበትን ምክንያት ማን ነው የሚያስረዳኝ?

መንግሥት በውል ጉዳይ እጁን ማስገባት ስለማይወድ ነው እንዳይባል፣ በዚያው ሰሞን አስገብቷል። በመጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከለከለ። የግል ትምህርት ቤቶችም ለተዘጉባቸው ወራት ከወላጅ የሚሰበስቡት ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲሆን ተባለ። ጎሽ! ደግ ሥራ ነበር፤ ባለትምህርት ቤቶቹ ለመምህራኖቻቸው ደመወዝ መክፈል ነበረባቸውና መካከሉን መፈለጉም ብልኅነት ነው። ይሁንና ያ ውሳኔ የመጣው የከተማ ወላጅ ስለጮኸ ነው። ስልክ አለው፣ ሬዲዮ ላይ ይደውላል፣ የወላጅ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ጋዜጠኛ ወዳጅም አያጣም። የወገዳው አባት የልጁን የዕዳ ውል እንኳ አይቶት አያውቅም። መንግሥት የሌላውን ውል በዚያ ፍጥነት ማስተካከል ከቻለ፣ የራሱን ውል ማስተካከል ይበልጥ ይቀለው ነበር።

የውጪውን ዓለም መጥቀስ ካስፈለገ፣ ሁሉም እንደየጠባዩ ነበር። የአሜሪካው ሐርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2020 ተማሪዎቹን ሲያሰናብት የቀሪውን ጊዜ የመኝታና የምግብ ክፍያ አስልቶ መልሷል፤ ስለ ትምህርቱ ክፍያ ግን ወዲያ በሉኝ ብሏል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተከስሶ በ2021 በ12.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። በደቡብ ኮሪያ ኮንኩክ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ቢወጥሩት ከሚቀጥለው ክፍያቸው ላይ ቀነሰላቸው። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ «በኮምፒዩተር እስከተማራችሁ ድረስ ክፈሉ» አለ። እኔን የሚገርመኝ ሀብታሙ ሐርቫርድ ሳይቀር የምግብና የአልጋ ነገር የማያከራክር መሆኑን ማወቁ ነው።

ለነገሩ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገርም አያስፈልግም። ጋይንት የዙር አምባና የቤተልሔም አገር ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕቱና ድጓው የሚመሰከርበት። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ ከመንደሩ ለምኖ ይበላል፤ የኔታ ያስተምሩታል። ያ ሥርዓት በዩኒቨርሲቲ ይተካ አልልም፤ ልመናን የሚያሞግስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ለምኖ የማያውቅ ነው። ነገር ግን የኔታ የመንደሩን እንጀራ በራሳቸው መዝገብ ጽፈው ተማሪውን «የበላኸውን ክፈለኝ» ሲሉ የሰማ የለም። የሌላ ሰው እንጀራ የሌላ ሰው መሆኑን ያውቃሉ።

«አምስት ዓመት ያለፈው ነገር ዛሬ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። የቀን የምግብ በጀቱ ከ15 ወደ 22፣ በ2017 ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ለሆዱ ደግ ነው። ነገር ግን በ100 ብር ተመን ያው 105 ቀን 10,500 ብር ይሆናል። ዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝ የሚያደርገው አዋጅም በ2015 ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊታውራሪ ሆኗል፤ ክፍያ ከዚህ ወዲያ ይጨምር ይሆናል እንጂ አይቀንስም። ግቢ የሚዘጋውም በበሽታ ብቻ እንዳልሆነ የወሎና የወልድያ ተማሪዎች በ2014 አይተውታል።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በውሉ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይግባ፤ ግቢው በመንግሥት ትእዛዝ ሲዘጋ፣ የምግብና የመኝታ ሒሳብ ተማሪው ፍራሹን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ይቁም፤ ተመልሶ ሲረከብ ይቀጥል የሚል። በጥሬ ገንዘብ ለከፈለውም ያልተሰጠው ይመለስ ወይም ለሚቀጥለው ይታሰብለት። በ2012 ከተበተኑት ልጆች ሥራ የያዙት ዛሬ ከደመወዛቸው ይቆረጥባቸዋል፤ ሥራ ያላገኙት ደግሞ ዕዳቸውን ካልጨረሱ በስተቀር ዋናውን ዲግሪ አያገኙምና በጊዜያዊ ማስረጃ በየቢሮው ደጅ ይጠናሉ። ለነዚህም ለነዚያም የዚያ ዓመት ሒሳብ በቀን ተዘርዝሮ በወረቀት ይሰጣቸው። 1,575 ብሩ ቀድሞውኑ ተቀንሶላቸው ከሆነ የተቀነሰበት መስመር ይታይ፤ ካልተቀነሰም ይቀነስ።