ድርድርን ከፋብሪካ የተማሩት ሉላ

የብራዚሉ ፕሬዝዳንት ሉዊዝ ኢናሲዮ ሉላ ዳ ሲልቫ በ1945 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ድርቅ በሚፈራረቅበት የፐርናምቡኮ ገጠር ተወለዱ። አባታቸው እንጀራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ወርደው ነበር። እናታቸው ዶና ሊንዱ በ1952 ልጆቻቸውን በጭነት መኪና ጭነው፣ 13 ቀን ተጉዘው ሳኦ ፓውሎ ግዛት ሲደርሱ ባልየው ሌላ ቤተሰብ መሥርተው ቆዩአቸው። ብዙም ሳይቆይ ተለያዩና እናትየው ልጆቹን ብቻቸውን አሳደጉ። ሉላ ሊስትሮ ሠሩ፣ ሸቀጥ አዞሩ። ማንበብ የቻሉት በ10 ዓመታቸው ገደማ ነው፤ ትምህርቱንም በአንደኛ ደረጃ አቋረጡ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሴናይ በተባለው የኢንዱስትሪ ማሠልጠኛ የቶርኖ ሙያ ተማሩ። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የግራ እጃቸውን ትንሽ ጣት ወሰደባቸው። ወደ ብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር የሳቧቸው ኮሚኒስት የነበሩት ወንድማቸው ናቸው፤ ሉላ ራሳቸው በዚያን ጊዜ ከፖለቲካው ይልቅ ልባቸው ኳስ ላይ ነበር። በ1971 የመጀመሪያ ባለቤታቸው ከነጽንሳቸው ሲሞቱባቸው ሐዘናቸውን በማኅበሩ ሥራ ተወጡት። በ1975 የሳኦ ቤርናርዶ ዶ ካምፖና የዲያዴማ ማኅበር ፕሬዝዳንት ሆኑ። በዚያው ዓመት አገሪቱን ይገዛ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት ወንድማቸውን አስሮ አሠቃየ፤ ከፖለቲካ ርቆ ማኅበር መምራት እንደማይቻል ያኔ ገባቸው።

በ1977 መንግሥት የ1973ን የዋጋ ንረት አሳንሶ ማስታወቁ ሲጋለጥ፣ ማኅበሩ የተበላው 34.1 በመቶ ደመወዝ ይመለስ አለ። በግንቦት 1978 የሳብ ስካኒያ ሠራተኞች በሰዓታቸው ገብተው፣ ማሽኑን ሳያስነሱ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ፤ አድማው ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ተዛመተ። በ1979 ሠራተኛው በቪላ ኤውክሊደስ ስታዲየም ሲሰበሰብ ድምፅ ማጉያ አልነበረም። ሉላ የተናገሩትን ፊት ያሉት እየደገሙ ለኋለኞቹ ያደርሱ ነበር።

ብዙ ጸሐፊዎች በዚያ ትዕይንት ይመሰጣሉ። ሰውየውን በይበልጥ የሚያሳየው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። መንግሥት የማኅበሩን አመራር ሲያግድ፣ ሉላ ሠራተኛው ለ45 ቀን ወደ ሥራ ተመልሶ ድርድሩ እንዲቀጥል ጠየቁ። ሸጠን ያሉ ነበሩ። አሠሪን እስኪወድቅ ከመግፋት ይልቅ የሚገኘውን ይዞ ለሚቀጥለው ዙር መዘጋጀት የሚለው ስልታቸው ግን ከዚያ ወዲህ አልተለያቸውም። በ1980ው አድማ 31 ቀን ታሰሩ፤ እናታቸው የሞቱት እሳቸው እስር ቤት ሳሉ ነው፤ ቀብር እንዲወጡ ተፈቀደላቸው።

በየካቲት 1980 የሠራተኞች ፓርቲን ከማኅበርተኞች፣ ከምሁራንና ከካቶሊክ ማኅበረሰቦች ጋር መሠረቱ። በ1986 በአገሪቱ ከፍተኛውን ድምፅ አግኝተው ለምክር ቤት ተመረጡ። ለፕሬዝዳንትነት ግን በ1989፣ በ1994 እና በ1998 ተሸነፉ። በ2002 ሲቀርቡ ዕዳ እንደሚከፈልና ውል እንደሚከበር ለገበያው በደብዳቤ አረጋገጡ፤ ምክትላቸውም ጆዜ አሌንካር የተባሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ሆኑ። የቀድሞው ቶርኖ ሠራተኛ ከአሠሪ ጋር በአንድ ዝርዝር ቀርበው 61 በመቶ ድምፅ አገኙ።

በ2003 የጀመሩት ቦልሳ ፋሚሊያ ልጆችን ትምህርት ቤት ለሚልኩና ለሚያስከትቡ ድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ ይሰጣል። ድርድሩ ጨለማ ጎንም ነበረው፤ በ2005 ፓርቲያቸው የምክር ቤት አባላትን ድጋፍ በገንዘብ ገዝቷል ተብሎ ትልቅ ቅሌት ፈነዳ፣ የቅርብ ሰዎቻቸውም ተፈረደባቸው። እሳቸው ግን በ2006 እንደገና ተመረጡ።

በ2018 በሙስና ተፈርዶባቸው ከመታሰራቸው በፊት የቆዩት በሳኦ ቤርናርዶ የማኅበራቸው ሕንፃ ውስጥ ነበር። ከ580 ቀን በኋላ ተፈቱ፤ በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ያየው ችሎት ሥልጣን አልነበረውም ብሎ ፍርዱን ሻረ። በ2022 በሥልጣን ላይ የነበሩትን ፕሬዝዳንት ዣይር ቦልሶናሮን በ50.9 በመቶ ብቻ አሸነፉ። ምክትል ያደረጓቸው በ2006 የተፎካከሯቸውን ጄራልዶ አልክሚንን ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ አብላጫ ስላልነበራቸው በ2023 ቦልሶናሮን ደግፈው ለነበሩ ሁለት ፓርቲዎች የሚኒስትር ወንበር ሰጡ።