ጥርሱ ከወጣ በኋላ

ጥርሱን አስነቅሎ ሰፈር የገባ ሰው ምክር ይዘንብበታል። አንዷ «ቶሎ ቶሎ በጨው ውሃ ተጉመጥመጥ» ትላለች፣ ሌላው አረቄ ያዝበት ይላል፣ ቅርንፉድ ጠቅጥቅበት የሚልም አይጠፋም። ሁሉም ከቅንነት ነው። በመጀመሪያው ቀን ግን ሦስቱም ይጎዳሉ፤ ይህን መናገር የነበረበት ደግሞ ጥርሱን የነቀለው ባለሙያ ነው።

በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ከመሪ ሰፈር ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጉንጯን በነጠላዋ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ በየመሀሉ ፌስታል ውስጥ ትተፋ ነበር። «ጎዝ አልሰጡሽም እህቴ?» አልኳት። «ደም ሲሞላው ጣልኩት» አለችኝ። ማስታገሻ ታዞላታል። መትፋቱ እንደሚጎዳት ግን የነገራት የለም።

ጥርሱ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ የሚረጋው ደም ቆሻሻ አይደለም። አጥንቱንና ነርቩን የሚሸፍነው፣ አዲስ ሥጋ የሚያድግበትም እሱ ነው። ስለዚህ ጎዙ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጠበቅ ተደርጎ ይነከሳል። ለ24 ሰዓት መጉመጥመጥ፣ መትፋት፣ በስትሮ መጠጣት አይገባም፤ ሲጋራማ ከዚያም በላይ ቢቆይ ይሻላል። ለብ ያለ የጨው ውሃ ከማግስቱ ጀምሮ በቀስታ ጥሩ ነው።

የረጋው ደም ያለጊዜው ከተነሳ አጥንቱ ይራቆታል። ቀለል ብሎ የነበረው ሕመም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ያገረሻል፣ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ አፍም ይሸታል። ድራይ ሶኬት የሚባለው ይህ ነው። በተራ ነቀላ ከ100 ሰው ከ1 እስከ 5 ያህሉን ይገጥማል፤ በታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ላይ እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ሰዎቻችን በዚህ ጊዜ ፋርማሲ ሄደው አሞክሳሲሊን ይገዛሉ። ሕመሙ የመጣው አጥንቱ በመራቆቱ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያስታግሰውም። ጉድጓዱ ታጥቦ መድኃኒት ያለው ማሸጊያ ሲገባበት ግን ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይቀላል። ማሸጊያው ውስጥ የሚገባው ዩጄኖል የሚገኘው ከቅርንፉድ ዘይት ስለሆነ የጎረቤት ምክር ሥር አለው። ቢሆንም ተመጥኖ በባለሙያ እጅ የሚገባው መድኃኒትና ከጓዳ ወጥቶ ቁስል ላይ የሚጠቀጠቀው ፍሬ አንድ አይደሉም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ እብጠቱ ነው። ጉንጭ እስከ ሦስተኛው ቀን አብጦ ከዚያ መጉደሉ የተለመደ ነው። እብጠቱ ከአገጭ ሥር ከጠጠረ፣ ምላስን ወደ ላይ ከገፋ፣ ምራቅ መዋጥ ከከለከለ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይህ ሕመም የመተንፈሻ መንገድ ዘግቶ ይገድላል። በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ፣ ካልሆነም ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ነው።

ከመነቀሉ በፊትም ጥያቄ አለ። በአገራችን ከቶንሲል በመጣ የልብ ሕመም በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ስኳር ያለበትና ደም ማቅጠኛ የሚወስድም አለ። «ሌላ ሕመም አለብህ ወይ?» ተብሎ ሳይጠየቅ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሊኖር አይገባም፤ ታካሚውም ባይጠየቅ እንኳ ይናገር፣ መድኃኒቱን ግን በራሱ አያቋርጥ።

የመሪና የሲኤምሲ ክሊኒኮችን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፦ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ግማሽ ገጽ፣ ሌሊት የሚነሳ ስልክ ቁጥር፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከክሊኒኩ ወደ ታካሚው የሚደወል አንድ ጥሪ።