የቤት መድን ያዋጣልን?

ባሱንዳ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ የምትገኝ ወረዳ ናት። ምድሯ ሜዳማ፣ አፈሯም ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ዋልካው ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። አካባቢው የማሽላና የሰሊጥ እርሻ የተስፋፋበት በመሆኑ በአረምና በአጨዳ ወራት ከኢትዮጵያ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወሰን እየተሻገረ ወደ ገዳሪፍ ይጎርፋል። በየመንደሩ በብዛት የሚታየው ቤት በእንጨት፣ በአገዳና በሣር የተሠራ ጎጆ ነው፤ ሱዳናውያን «ጉጢያ» ይሉታል። በየገበያው ዳር ግን የጡብ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ሱቆችና የእህል መጋዘኖች ይታያሉ።

ይህ ቤት ሁሉ፣ ጎጆውም ሆነ መጋዘኑ፣ ጠላት አለው። በበጋ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ከነፋስ ጋር ተባብራ ከሣር ክዳን ላይ ብታርፍ አንድ መንደር በአንድ ሰዓት ዐመድ ሊሆን ይችላል። በክረምትም ጎርፉና ዐውሎ ነፋሱ ያልጸናውን ሁሉ ያፈርሳል። በ2013 ዓ.ም. በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ የተጠለሉት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክረምቱ ገና ሲገባ ድንኳኖቻቸውና ዳሶቻቸው በነፋስና በዝናብ ተገነጣጥለውባቸዋል። ቤት ለድኻ የዕድሜ ልክ ጥሪቱ ነው። ቤቱን ያጣ ሰው የሚያጣው ጣራና ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ዘሩን፣ ልብሱን፣ ዕቃውንና የነገ ተስፋውን ጭምር ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰው ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ለቤቱ መድን ቢከፍል ይጠቀማልን? ወይስ ገንዘቡን በከንቱ ይበትናል?

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዳንዶች፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ ከፍሎ ቤቱ ያልተቃጠለበት ሰው ምን አተረፈ? ገንዘቡን ለኩባንያ ገበረ እንጂ!» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ «መድን የሌለው ሰው በተሰነጠቀ ቅርንጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ወፍ ነው፤ ስለዚህ ለሁሉም ነገር መድን መግባት ያስፈልጋል» በማለት ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ሙሉውን እውነት ለማግኘት ግን በመጀመሪያ የመድንን አሠራር መረዳት ይገባል።

መድን ማለት የብዙ ሰዎችን ጥቂት ገንዘብ አሰባስቦ የጥቂቶችን ብዙ ጉዳት መካስ ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት መቶ ቤተሰቦች አሉ እንበል። ከሁለት መቶው ቤት በአማካይ በየዓመቱ አንዱ ይቃጠላል፤ አንዱን ቤት መልሶ ለመሥራትም 60,000 ብር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 300 ብር ቢያዋጣ 60,000 ብር ይሞላል፤ ቤቱ የተቃጠለበትም ሰው ቤቱን መልሶ ይሠራል። 300 ብር ማንንም አያደኸይም፤ 60,000 ብር ግን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሲወድቅ ይሰብራል። የአገራችን ሰው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ሲል የመድንን ምስጢር በአንድ ዐረፍተ ነገር ገልጾታል።

ከዚህ የምንረዳው ቤቱ ያልተቃጠለበት ሰው ከሰረ ማለት ስሕተት መሆኑን ነው። ለዘበኛ ደመወዝ የሚከፍል ሰው ሌባ ስላልመጣ ገንዘቤ ጠፋ ብሎ አያዝንም። የገዛው ዕረፍትን ነው። እንዲሁም መድን የገባ ሰው ቤቱ ቢቃጠል ዳግመኛ ቆሜ እሄዳለሁ የሚል መተማመኛ ይገዛል።

ይህ ሐሳብ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አድርጎ መቁጠርም አይገባም። በኢትዮጵያ ዕድር አለ። ዕድር በዋናነት የቆመው ለቀብርና ለኀዘን ቢሆንም ቤት ለተቃጠለበት አባሉ የሚደርስም ይገኛል። ደቦ፣ ጅጊና ወንፈልም አሉ፤ ጎረቤቱ ተጠራርቶ በአንድ ቀን ጎጆ አቁሞ ይበተናል። ሱዳናውያንም ይህንኑ ልማድ «ነፊር» ብለው ይጠሩታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በካርቱም የተቋቋመው እስላማዊ የመድን ኩባንያም የተመሠረተው በዚሁ የመረዳዳት መርህ ላይ ነው፤ አባላቱ የሚያዋጡት ገንዘብ እርስ በርስ ለመረዳዳት እንደተሰጠ ይቆጠራል። ይህ «ተካፉል» የሚባለው አሠራር በዘመናዊ ኩባንያ መልክ መጀመሪያ የታየው በሱዳን ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

በኩባንያ የሚሰጥ የቤት መድን የጀመረው ግን በለንደን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1666 በዚያች ከተማ የተነሣው ቃጠሎ ከ13,000 በላይ ቤቶችን አወደመ። ከአሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ ኒኮላስ ባርቦን የተባለ ሰው ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ ቤቶችን ከእሳት ለመድን የሚያገለግል ድርጅት አቋቋመ። በኢትዮጵያም በ1967 ዓ.ም. የግል መድን ኩባንያዎች ወደ መንግሥት ከተዛወሩ በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተመሠረተ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንደገና በዚህ ሥራ እንዲሠማሩ ተፈቀደ። ስለ መድን ውል የሚደነግገው ሕግም በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ውስጥ ይገኛል። ይህ ሕግ የንብረት መድን የጉዳት ማካካሻ እንጂ የትርፍ ምንጭ አለመሆኑን ያስረዳል።

ዕድርና ነፊር ካሉ ታዲያ ኩባንያ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ በጉዳቱ ዓይነት ውስጥ ይገኛል። በመንደሩ ውስጥ የአንድ ሰው ጎጆ ቢቃጠል ጎረቤቶቹ እንጨትና ሣር አምጥተው ያቆሙለታል። ነገር ግን እሳቱ ከነፋስ ጋር ከጎጆ ጎጆ እየዘለለ ሰማንያውን ጎጆ ቢበላ ማን ማንን ይረዳል? ረጂዎቹ ራሳቸው ተረጂ ይሆናሉ። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ቤትም ከሌሎቹ ጋር ይቃጠል ይሆናል! ጎርፍም እንዲሁ ነው፤ ሲመጣ ለሁሉም ይመጣል። የአንድ መንደር ማኅበር ደካማ ጎኑ ይህ ነው፤ አባላቱ በአንድ ሰማይ ሥር፣ በአንድ አደጋ ፊት ስለሚኖሩ መከራው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። ትልቅ የመድን ድርጅት ግን ከጎንደርም፣ ከጅማም፣ ከሐረርም ይሰበስባል፤ በአንድ ቀን ሁሉም ሥፍራ አይቃጠልም። ድርጅቱም ራሱ ከአቅሙ በላይ ለሆነው አደጋ በሌላ ድርጅት ዘንድ መድን ይገባል፤ ይህም «የጠለፋ መድን» ይባላል።

ይሁን እንጂ የኩባንያ መድን ዋጋ አለው። ኩባንያው ከሚሰበስበው አረቦን የሠራተኛ ደመወዝ ይከፍላል፤ የቢሮ ኪራይ ያወጣል፤ ትርፍም ያስቀራል። ስለዚህ መድን ገቢዎች በጠቅላላው ከሚከፍሉት ያነሰ ካሣ እንደሚመለስላቸው ማወቅ ይገባል። ይህ ልዩነት የመተማመኛው ዋጋ ነው። ዋጋውን መክፈል ተገቢ የሚሆነውም ጉዳቱ ባለቤቱ ሊሸከመው የማይችል በሚሆንበት ጊዜ ነው። ከዚህ የሚከተለው መመሪያ ቀላል ነው፦ የሚጥልህን ጉዳት መድን፤ የሚያደናቅፍህን ብቻ ራስህ ቻል።

ለቤት ዕቃና ለመስመሮች ጥገና የሚሸጠው ዋስትና በዚህ መመዘኛ ሲፈተን ቀልሎ ይገኛል። በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች አንዳንድ ኩባንያዎች በዓመት የተወሰነ ገንዘብ እየተቀበሉ የቧንቧን፣ የማቀዝቀዣን ወይም የኤሌክትሪክ መስመርን ብልሽት ለመጠገን ይዋዋላሉ። ቧንቧ መፍሰሱ፣ ማቀዝቀዣም ማርጀቱ ግን አይቀርም፤ ጥገናውም ባለቤቱን ለልመና አይዳርግም። እንዲህ ላለው ወጪ ለሌላ ሰው ከመክፈል ይልቅ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ በቁጠባ ማስቀመጥ ይሻላል። ቧንቧው ባይፈስስ ገንዘቡ የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል። አዲስ ቤት የሚያሠራ ሰውም የማይከፈልበት ዋስትና በሕግ እንዳለው ማወቅ ይጠቅመዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቤት ሠሪው ተቋራጭ ቤቱን ካስረከበበት ጊዜ አንሥቶ ለአሥር ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ኃላፊ እንዲሆን ያስገድደዋል። ይህን መብት ለማስከበር ግን ውሉን በጽሑፍ አድርጎ መያዝ ያሻል።

መድን መግባት የሚገባው ሰውም ቢሆን ውሉን ሳያነብ መፈረም የለበትም። በተለይ ሦስት ነገሮችን መመርመር ያስፈልጋል። አንደኛው፣ የትኛው አደጋ ከውሉ ውጭ እንደሆነ ነው። በተለመደው የቤት መድን ውል ጦርነት የሚያደርሰው ጥፋት አይካስም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሸሸ፤ ከሸሹት ብዙዎቹ በገዳሪፍ ተጠለሉ፤ ሌሎቹም በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። ከእነዚህ መካከል መድን የነበረው ሰው ቢኖር እንኳ የተለመደው ውል ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት አይደርስለትም። ሁለተኛው፣ የቤቱ ዋጋ በትክክል መገመቱ ነው። አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት አረቦን ለማሳነስ ሲባል በግማሽ ዋጋ ቢመዘገብና ከፊሉ ቢቃጠል፣ ካሣውም በዚያው ልክ ተቀንሶ የጉዳቱ ግማሽ ብቻ ሊከፈል ይችላል። ሦስተኛው፣ እውነቱን መናገር ነው። በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ቤንዚን እየሸጠ መኖሪያ ብቻ ነው ብሎ ያስመዘገበ ሰው አደጋ ሲደርስበት ካሣውን ሊያጣ ይችላል።

አሁን ወደ ባሱንዳ እንመለስ። በጎጆ ለሚኖረው ገበሬ የኩባንያ መድን በአብዛኛው አይስማማውም። ኩባንያዎች የሣር ክዳን ያለውን ቤት ቢቀበሉት እንኳ በከፍተኛ አረቦን ነው፤ ቢሯቸውም ያለው በከተማ ነው። ለዚህ ሰው የመጀመሪያው መድን ጥንቃቄ ነው። ማእድ ቤቱን ከመኝታ ጎጆው ማራቅ፣ በጎጆና በጎጆ መካከል ሰፊ ክፍት ቦታ መተው፣ በበጋ መግቢያ በመንደሩ ዙሪያ ያለውን ደረቅ ሣር መመንጠር፣ በየደጁ ውኃና አሸዋ ማስቀመጥ፣ ዘሩንና ገንዘቡን በአንድ ጣራ ሥር አለማከማቸት ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። አስቀድሞ ያልተጠነቀቀ ሰው ኋላ ቢጮህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ከመባል አያልፍም። ሁለተኛው መድኑ ነፊርና ዕድር ነው። ዕድሮች ቃጠሎንና ጎርፍን በደንባቸው ውስጥ ቢያስገቡ፣ ራቅ ካሉ መንደሮች ዕድሮች ጋርም ቢተሳሰሩ፣ በአንድ መንደር ላይ የወረደውን መከራ ሌላው መንደር ሊካፈለው ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውም እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

በገዳሪፍ፣ በመተማ ወይም በጎንደር የጡብ ሱቅ፣ የሰሊጥ መጋዘን ወይም በባንክ ብድር የተሠራ ቤት ላለው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዓመት ምርት በአንድ መጋዘን አከማችቶ ያለመድን የሚያድር ነጋዴ አረቦን አተረፍኩ ቢልም ሀብቱን ሁሉ በአንዲት ክብሪት ላይ አስይዟል። በብድር የሠራው ሰውም ቤቱ ቢቃጠል ዕዳው አብሮ አይቃጠልለትም። ለእነዚህ ሰዎች የእሳት መድን የሚያዋጣ ብቻ ሳይሆን የግድ የሚያስፈልግ ነው።

ስለዚህ «የቤት መድን ያዋጣልን?» ለሚለው ጥያቄ ለሰው ሁሉ የሚሆን አንድ መልስ የለም። ከመልሱ በፊት ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት፦ «ይህ ቤት ዛሬ ሌሊት ቢጠፋ ነገ በምን እቆማለሁ?» በራሱ ጥሪት መቆም የሚችል ሰው ይቆጥብ፤ በጎረቤቱ ክንድ የሚቆም ሰው ማኅበሩን ያጠናክር፤ በሁለቱም መቆም የማይችል ሰው ደግሞ ውሉን አንብቦ መድን ይግባ። ማንበብ የተማሩ ልጆች ካሉትም፣ ከመፈረሙ በፊት ውሉን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ያንብቡለት።